የሕክምና ማሪዋናን በዜጎች ድምፅ ሕጋዊ ማድረግ፦ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ደጋግመን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

በአሜሪካ ምርጫ ሲደርስ ከእጩዎቹ ስም በታች አንድ ረጅም አንቀጽ ይመጣል፤ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉት። አንቀጹ ስለ ሕክምና ማሪዋና የሆነ እንደሆነ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየመስጊዱ በር፣ በየቡና ስብስቡ ጥያቄው ይበዛል፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ያለች እናት ያለችው ሰው ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የሚያሳድግ አባትም እንዲሁ።

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። የታመመ ሰው ከሥቃዩ የሚያርፍበት መንገድ ሊዘጋበት አይገባም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን «ግዛቱ ፈቅዷል» የሚለውን ሰምቶ የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም የዜግነት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ወገን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማሪዋናም ተባለ ካናቢስ፣ በአገራችን ዕፀ ፋርስ የምንለው ያው ተክል ነው።

በዜጎች ድምፅ ሕግ ማውጣት ምን ማለት ነው? ከምናውቀው ሕዝበ ውሳኔ ይለያል?

አዎ፣ ይለያል። በ2019 ሲዳማ ላይ የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ብናስታውስ፣ ጥያቄውን ያቀረበው የዞኑ ምክር ቤት ነበር፤ ያስፈጸመው ደግሞ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ። እዚህ ግን ከሃምሳዎቹ ግዛቶች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ተራ መራጮች ራሳቸው የሕግ ረቂቅ ጽፈው፣ የተወሰነውን ያህል ፊርማ አሰባስበው፣ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ይችላሉ። ምክር ቤቱ ባይወደውም፣ አገረ ገዥው ቢቃወመውም ረቂቁ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ይወጣል።

ይህን መብት በመጀመሪያ በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረችው ደቡብ ዳኮታ ናት፤ በ1898። ካሊፎርኒያ በ1911 ተከተለች። በዚያ ዘመን የካሊፎርኒያን ምክር ቤት እንደፈለገ ያሽከረክረው የነበረው የባቡር ኩባንያ ስለነበር፣ ሕዝቡ ምክር ቤቱን አልፎ የሚሄድበት መንገድ አስፈለገው።

የሕክምና ማሪዋና ለምን በምክር ቤት በኩል አላለፈም? ለምን ሕዝብ ድምፅ ሰጠበት?

መልሱ ያለው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። በ1980ዎቹ ኤድስ ያችን ከተማ ሲያጠቃ ሕሙማኑ ምግብ አልበላ አላቸው፤ መድኃኒቱ ራሱ ያስመልሳቸው ነበር። ማሪዋና ሲወስዱ የምግብ ፍላጎታቸው እንደሚመለስ ያስተዋሉት ራሳቸው ታማሚዎቹና አስታማሚዎቻቸው ናቸው። ሜሪ ጄን ራትቡን የተባሉ፣ ቀድሞ አስተናጋጅ የነበሩ አሮጊት ማሪዋና የገባበት የቸኮሌት ኬክ እቤታቸው እየጋገሩ በከተማው ጠቅላላ ሆስፒታል ለኤድስ ሕሙማን በነፃ ያድሉ ነበር። ለዚህም ሦስት ጊዜ ታስረዋል። የሰፈሩ ሰው «ብራውኒ ሜሪ» ይላቸው ነበር። ዴኒስ ፔሮን ደግሞ የሕይወት አጋሩን በ1990 በኤድስ ያጣ ሰው ነው፤ በ1991 በከተማ ደረጃ ቀርቦ 80 በመቶ የሚጠጋ ድጋፍ ያገኘውን የድጋፍ ውሳኔ የመራው እሱ ነበር።

ከዚያ ጉዳዩ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱ በ1994 እና በ1995 የሕክምና አጠቃቀምን የሚደግፉ ሕጎች አጸደቀ፤ አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን ግን ሁለቱንም ሻሯቸው። በሩ ሲዘጋ የቀረው የፊርማው መንገድ ነበር። ከ433,000 በላይ ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ተሟላ። ድምፁ ሊሰጥ ሦስት ወር ሲቀረው የግዛቱ መርማሪዎች የፔሮንን የማሪዋና ማከፋፈያ ቤት ወርረው ዘጉት። ያም ሆኖ ኅዳር 1996 «ረቂቅ ቁጥር 215» ከ55 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ሕግ ሆነ። በአሜሪካ በግዛት ደረጃ ሥራ ላይ የዋለ የመጀመሪያው የሕክምና ማሪዋና ሕግ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። በ1998 የዋሽንግተን ግዛት መራጮች አጸደቁ፤ የሲያትል ወገኖቻችን የሚያውቁት ሕግ መነሻው ያ ነው። ኮሎራዶ በ2000 ተከተለች። በምክር ቤት በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣችው ሃዋይ ስትሆን፣ እሷም በ2000 ነው።

ፊርማ ሲያሰባስቡ መንገድ ላይ አስቁመውኛል። ብፈርም ምን ይሆናል?

መፈረም ድምፅ መስጠት አይደለም። ጉዳዩ ለሕዝብ ይቅረብ ማለት ብቻ ነው፤ ፈርመው በምርጫው ቀን «አይ» ማለት ይችላሉ። መፈረም የሚችለው ግን በዚያ ግዛት በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የፊርማ ወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ስም፣ አድራሻና ፊርማ በመራጭነት ሲመዘገቡ ከሰጡት ጋር ይመሳከራል፤ ካልገጠመ ይጣላል። የእኛ ሰው ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በመንጃ ፈቃዱ ሌላ ዓይነት መሆኑ የተለመደ ነው። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ የተመዘገበበትም ሰው አለ። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የመራጭነት ምዝገባዎ ላይ ስምዎ እንዴት እንደሰፈረ ይመልከቱ። ደግሞም ሰብሳቢው የሚነግርዎትን ማጠቃለያ አይመኑ፤ ሙሉው ጽሑፍ እንዲታይዎት መጠየቅ መብትዎ ነው። ሰብሳቢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተከፍሏቸው የሚሠሩ ስለሆኑ ይቸኩላሉ። እርስዎ አይቸኩሉ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እኛስ ፊርማ ሰብስበን ማስወሰን እንችላለን?

አይቻልም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ እና ሚኒሶታ ለዜጎች ረቂቅ ሕግ የማቅረብ መብት አይሰጡም። ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ዋሽንግተን ግዛት እና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ይሰጣሉ። ሚኒሶታ የሕክምና ማሪዋናን የፈቀደችው በ2014 በምክር ቤቷ በኩል ነው። እንዲህ ባሉ ግዛቶች ያለው መንገድ ለተወካይዎ መጻፍ፣ መደወልና በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ መናገር ነው።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መፈረም ወይም ድምፅ መስጠት እችላለሁ?

በግዛት ምርጫ በፍጹም! ዜጋ ያልሆነ ሰው በማይፈቀድለት ምርጫ ድምፅ ከሰጠ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። «ዜጋ ነኝ» ብሎ በሐሰት ማረጋገጥ ደግሞ ከዚያ የከበደ መዘዝ አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ነው። ሠራተኛው ወይም ማሽኑ «በመራጭነት ልመዝግብዎ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እንግሊዝኛው ያልጠራለት ሰው ሌላ ቅጽ መስሎት «አዎ» ይላል። ያቺ አንዲት ምልክት ከዓመታት በኋላ በዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ትነሳለች። አባቶችንና እናቶችን ወደ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሲወስዱ እባክዎ አጠገባቸው ይቁሙ።

ለማለፍ ምን ያህል ድምፅ ያስፈልጋል?

በአብዛኛው ከግማሽ በላይ ይበቃል። አሪዞና በ2010 ያሳለፈችው ከ5,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። ፍሎሪዳ ግን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 60 በመቶ ትጠይቃለች፤ በ2014 የቀረበው ረቂቅ 57.6 በመቶ አግኝቶ ወደቀ። በብዙ አገር አሸናፊ የሚያደርግ ድምፅ እዚያ ሽንፈት ነበር። ደጋፊዎቹ ጽሑፉን አስተካክለው በ2016 ተመልሰው መጡና 71 በመቶ አገኙ።

ኔቫዳ ደግሞ የራሷ ሥርዓት አላት። ዜጎች ያቀረቡት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ ምርጫዎች ማለፍ አለበት። የላስ ቬጋስ ሰው በ1998 «አዎ» ብሎ፣ በ2000 እንደገና «አዎ» ማለት ነበረበት።

ሕዝቡ «አዎ» ካለ በኋላ ሊሻር ይችላል?

ይችላል፤ ተደርጓልም። ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንን ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በዋሽንግተን ዲሲ የሆነው ነው፤ በአሜሪካ ትልቁ የወገኖቻችን መናኸሪያ በሆነው አካባቢ ማለት ነው። በ1998 የከተማዋ ነዋሪዎች በረቂቅ ቁጥር 59 ላይ ድምፅ ሰጡ። የከተማዋ በጀት በኮንግረስ እጅ ስለሆነ፣ የጆርጂያው የኮንግረስ አባል ቦብ ባር የከተማዋ ገንዘብ ለዚህ ጉዳይ እንዳይውል የሚከለክል ሐረግ በበጀት ሕጉ ውስጥ አስገቡ። በዚህ ምክንያት የተሰጠው ድምፅ ውጤቱ እንኳን ይፋ ሳይሆን ቀረ። ውጤቱን ከኮምፒውተር ለማውጣት ይጠይቅ የነበረው ወጪ ከሁለት ዶላር ያነሰ ነበር። ፍርድ ቤት ገብቶ በመስከረም 1999 ቁጥሩ ሲታወቅ 69 በመቶ ደግፎታል። እገዳው ግን እስከ 2009 መጨረሻ ቆየ፤ የመጀመሪያው መሸጫ የተከፈተው በ2013 ነው። ድምፅ ከሰጡት ሕሙማን ስንቱ ያንን ቀን ሳያይ እንዳለፈ ማሰብ ነው። ቦብ ባር ራሳቸው ከኮንግረስ ከወጡ በኋላ አቋማቸውን ቀይረው ያ እገዳ እንዲነሳ ሲሟገቱ ነበር።

ሚሲሲፒ ውስጥ ደግሞ በ2020 ሕዝቡ ረቂቅ ቁጥር 65ን በሰፊ ልዩነት አጸደቀ። በግንቦት 2021 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 ሻረው። ምክንያቱ ስለ ማሪዋና አልነበረም። የግዛቱ ሕግ ፊርማው ከአምስት የኮንግረስ ወረዳዎች እኩል እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ሚሲሲፒ ግን ከ2000 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ አንድ ወረዳ አጥታ አራት ብቻ ቀርተዋታል። እንግዲህ ማንም ሊያሟላው የማይችል ሕግ ሆነ። በዚያ ውሳኔ የሕክምና ማሪዋናው ብቻ ሳይሆን ዜጎች ረቂቅ የሚያቀርቡበት መብት ራሱ ተቋረጠ። ምክር ቤቱ በ2022 መጀመሪያ የራሱን የሕክምና ሕግ አወጣ።

ዩታ በ2018 በሕዝብ ድምፅ ያለፈውን ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ምክር ቤቷ በጠባብ ሕግ ተካው። ነብራስካ ግን የጽናት ምሳሌ ናት። በ2020 ፍርድ ቤት «ከአንድ በላይ ጉዳይ አጣምሯል» ብሎ ረቂቁን ከድምፅ መስጫው ወረቀት አወጣው፤ በ2022 ፊርማው ጎደለ። ከዘመቻው መሪዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እናት ነበረች፤ አልተወችም። በ2024 ጉዳዩን ለሁለት ከፍለው አቀረቡት፤ ሁለቱም በሰፊ ልዩነት አለፉ።

ታዲያ ጽሑፉን ሳነብ ምን ልፈልግ?

መጀመሪያ የሚለውጠው ተራ ሕግን ነው ወይስ ሕገ መንግሥትን? ተራ ሕግ ከሆነ በብዙ ግዛቶች ምክር ቤቱ ነገ ሊነካው ይችላል፤ ዩታን ያየነው ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥት ከሆነ ይጠነክራል፤ ስሕተት ቢኖርበት ግን ለማረም ሌላ ምርጫ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ የሕመሞቹን ዝርዝር ይመልከቱ። የካሊፎርኒያው ካንሰርን፣ ኤድስን፣ የማያቋርጥ ሕመምን፣ ግላኮማን፣ ማይግሬንን ከዘረዘረ በኋላ «ማሪዋና የሚያስታግሰው ማንኛውም ሌላ ሕመም» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ተወው። ሌሎች ግዛቶች ዝርዝሩን ይዘጉታል። የእናትዎ ሕመም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ያ ሕግ ለእሷ የተጻፈ አይደለም።

ከዚያ መድኃኒቱ ከየት ይገኛል? ማን ያመርተዋል? ማን ይመረምረዋል? እቤት መትከል ይፈቀዳል? የካሊፎርኒያው ሕግ ስለ መሸጫ ቤቶች ፈቃድ አንድም ነገር አላለም፤ በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት አንዱ ከተማ የፈቀደውን ሌላው ሲያባርር ኖረ። በምን መልክ እንደሚወሰድም ይነበብ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሕዝቡ ካጸደቀ በኋላ ምክር ቤቱ ማጨስን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው ታማሚዎች ፍርድ ቤት ሄደው በ2019 ነው።

ካለፈ በኋላ ሐኪሜ ያዝልኛል? ኢንሹራንስስ ይከፍላል?

ሐኪም እንደ ሌላው መድኃኒት ማዘዣ አይጽፍም፤ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። የሚያደርገው ሕመምዎን አረጋግጦ «ሊጠቅምዎ ይችላል» ብሎ መመስከር ነው። አሪዞና በ1996 ያሳለፈችው ሕግ ማዘዣ ይጻፍ ስላለ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2002 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሐኪም ለታማሚው ምክር መስጠቱ በሐሳብ ነፃነት የተጠበቀ ነው ብሎ ወስኗል። በሐኪሙ ምስክርነት ግዛቱ ካርድ ይሰጥዎታል፤ በካርዱ ፈቃድ ካለው መሸጫ ይገዛሉ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ አይከፍሉም፤ ወጪው ከኪስ ነው።

በእርግጥ ይረዳል? ለየትኛው ሕመም?

ከሚወራው በታች፣ ከሚናቀው በላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት ጠንካራ ማስረጃ ያገኙት ለሦስት ነገሮች ነው፦ በአዋቂዎች ላይ ለሚታይ የማያቋርጥ ሕመም፣ በኬሞቴራፒ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ እንዲሁም መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለሚሰማቸው የጡንቻ መኮማተር። ከዚህ ውጭ «ስኳር ያድናል»፣ «ካንሰር ያጠፋል» የሚሉዎትን አይስሙ። ጉዳቱንም ያው ሪፖርት አስፍሯል፤ አብዝቶ መጠቀም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር ይያያዛል፤ ተጠቅሞ መንዳት ለአደጋ ያጋልጣል፤ ነፍሰ ጡር ብትወስደው ልጁ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

ይህን መደገፍ ልጆቻችንን ለሱስ መስጠት አይደለም?

ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የወጣት አእምሮ ከአዋቂው ይልቅ ይጎዳል። ግን ሞርፊንም ከፖፒ አበባ ይወጣል፤ ለካንሰር ታማሚ ሲሰጥ ማንም ሱሰኛ አይለውም። ጥያቄው ሕጉ ለታማሚው ከፍቶ ለልጁ መዝጋቱ ላይ ነው፤ ዕድሜን፣ ማሸጊያን፣ ማስታወቂያን ምን እንደሚል አንብበው ይወስኑ። እቤት ውስጥ ካለ ይቆለፍበት፤ ማሪዋና የገባበት ከረሜላ ከሌላው ከረሜላ በመልክ አይለይም፤ ሕፃን አያውቀውም። የእኔ አስተያየት ይኸው ነው። እርስዎ «አይ» ቢሉ ሕሊናዎን አልወቅስም፤ ሳያነቡ አይበሉ እንጂ።

ግዛቱ ከፈቀደ የፌዴራል መንግሥት ምን አገባው?

አገባው። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው ምድብ አስቀመጠው። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካሊፎርኒያዋ ታማሚ በአንጀል ሬይች ጉዳይ 6 ለ3 ሲወስን፣ ግዛቱ ቢፈቅድም፣ ለራስ መታከሚያ እቤት የተተከለም ቢሆን የፌዴራል መንግሥት ሊከለክል ይችላል አለ። በ2014 መጨረሻ ኮንግረስ የፍትሕ ሚኒስቴር በጀቱን የግዛቶችን የሕክምና ሕግ ለማደናቀፍ እንዳያውል ከለከለ። ይህ ለታማሚው እፎይታ ነው፤ ሕጉን ግን አልለወጠም። በ2024 ማሪዋናን ወደ ሦስተኛ ምድብ የማውረድ ሐሳብ በፍትሕ ሚኒስቴር ቀርቧል።

እኛ ይህን ነገር ከጫት ልንማረው እንችላለን። በአገር ቤት በግልጽ ገበያ የሚሸጠው ጫት እዚህ ሲመጣ ውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በአንደኛው ምድብ ስላለ ብዙ ሰው አሳስሯል። አንዱ መንግሥት የፈቀደውን ሌላው ይከስስበታል።

ዜጋ አይደለሁም፤ ግዛቱ ግን ካርድ ይሰጠኛል። ባወጣ ምን ይመጣብኛል?

እባክዎ ይህንን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ሕግ ነው፤ የግዛቱን ፈቃድ አያይም። በእሱ ዓይን በሕጋዊ ካርድ ከሕጋዊ መሸጫ የገዛ ሰው የፌዴራል ሕግ የጣሰ ሰው ነው። መታሰርም፣ መከሰስም ላያስፈልግ ይችላል። በኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ፊት «አዎ፣ ገዝቼ ተጠቅሜያለሁ» ብሎ በዝርዝር ማመን ብቻውን፣ ግሪን ካርድ ለሚጠይቅም ሆነ ከጉዞ ለሚመለስ፣ ወደ አገር እንዳይገባ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የግሪን ካርድ የሕክምና ምርመራ የሚያደርገው ሐኪምም ስለዚህ ይጠይቃል።

ለዜግነት ያመለከተ ሰው «መልካም ሥነ ምግባር» እንዳለው ማሳየት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ያለፉት አምስት ዓመታት ነው፤ በትዳር ለሚያመለክቱ ሦስት። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ ማሪዋና በግዛቱ ሕጋዊ ቢሆንም ለዜግነት እንቅፋት እንደሚሆን በግልጽ ጽፏል። በመሸጫ ወይም በእርሻው ተቀጥሮ መሥራትም በዚያው መመሪያ ተጠቅሷል። በዲቪ የመጣ ወጣት ደህና ደመወዝ አገኘሁ ብሎ፣ ግብሩን እየከፈለ፣ አንድም ወንጀል ሳይሠራ ዜግነቱ ሊከለከል ይችላል ማለት ነው።

«ምድቡ ወደ ሦስተኛ ከወረደ ነገሩ ያበቃል» የሚሉም አሉ። አያበቃም፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚናገረው በየትኛውም ምድብ ስላለ ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር ነው። መዋሸት ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ካርድ ከማውጣትዎ፣ ሥራ ከመቀበልዎ፣ ፎቶ በስልክዎ ላይ ከማስቀመጥዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ካርዱን አውጥተው ከሆነም አይደናገጡ፤ ማመልከቻ ከማስገባትዎና ከአገር ከመውጣትዎ በፊት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።

የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ። ዜጋም ነኝ። ካርድ ባወጣስ?

ሥራዎን ሊያጡ ይችላሉ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በሚያዘው ምርመራ ማሪዋና ከተገኘብዎ የሐኪም ምስክርነትም ሆነ የግዛት ካርድ እንደ ምክንያት አይቆጠርም። የአውቶቡስ ነጂዎችንም ይመለከታል። ምልክቱ ደግሞ ከተወሰደ ከቀናት፣ ዘወትር ለሚጠቀም ከሳምንታት በኋላም ሽንት ውስጥ ይገኛል። ታክሲ የሚነዱ በዚህ ደንብ ሥር ባይሆኑም የድርጅታቸውንና የከተማቸውን ደንብ ይጠይቁ። በመንግሥት ድጎማ ቤት የሚኖሩ እናቶችም ይጠንቀቁ፤ ቤቱ በፌዴራል ገንዘብ ከሆነ የግዛቱ ፈቃድ አይሠራበትም።

ወደ ኢትዮጵያ ስሄድ መድኃኒቴን ይዤ ልሂድ?

አይያዙ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ከባድ ወንጀል ነው፤ የአሜሪካ ካርድ እዚያ ዋጋ የለውም። በዱባይ ወይም በዶሃ የሚያልፉ ከሆነም ያው ነው። ሻሸመኔ ውስጥ ራስ ተፈሪያውያን ስላሉ «ይፈቀዳል» የሚል ወሬ ይሰማል፤ ስሕተት ነው።

እናቴ በኬሞቴራፒ ላይ ናት፤ ዜግነቷ ገና አልደረሰም። ምንም መንገድ የለም ማለት ነው?

አለ። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የፈቀዳቸው፣ ሐኪም በመደበኛ ማዘዣ የሚጽፋቸው፣ ከተራ ፋርማሲ የሚገዙ መድኃኒቶች አሉ። ድሮናቢኖል እና ናቢሎን የሚባሉት በ1985 የተፈቀዱ ሲሆን በኬሞቴራፒ ለሚመጣ ማስመለስ ይታዘዛሉ። ድሮናቢኖል ኤድስ ላለባቸው ሰዎች የምግብ ፍላጎት ለመመለስም ይሰጣል። ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ደግሞ ከተክሉ የሚወጣው ኤፒዲዮሌክስ በ2018 ተፈቅዷል። እነዚህን በሐኪም ማዘዣ መውሰድ የፌዴራል ሕግ መጣስ አይደለም፤ ኢንሹራንስም ሊከፍልባቸው ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የካንሰር ሐኪሟን በስማቸው ጠርተው ይጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ይጠይቁ፤ ልጅዋ እንድታስተረጉምላት አይጠበቅባትም። ማዘዣውንም ከፓስፖርቷ ጋር ያስቀምጡላት።